ጥቁሩ ጨርቅና የአባቴ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ቢንያም፣ እንጅባራ ወዳለችው ትንሽ የቪዲዮ ቤቱ ወስዶ ቀረጸኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ጡረታ የወጣን መምህራንን ቃል ሰብስቦ ለተማሪዎች ሊያሳይ ነው አሉ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ፣ መነጽሬን ወልውዬ ሄድኩና ያሰብኩትን ሁሉ ረስቼ ሌላ ሌላውን ተናግሬ ተመለስኩ። በማግስቱ «ይምጡና ይዩት» ብሎ ሲጠራኝ ግን ዓይኔን የያዘው ከንግግሬ ይልቅ ከኋላዬ የተሰቀለው ጥቁር ጨርቅ ነበር። ስቀረጽ ጀርባዬን ሰጥቼው ስለነበር ልብ አላልኩትም።

«ይህን ጥቁር አውጣልኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ጥቁር እኮ ያምራል፤ ፊትን ያወጣል።»

«ያውጣ አያውጣ፣ ከኋላዬ ጥቁር አልፈልግም።»

ቢንያም ታዛዥ ልጅ ነው። ጥቁሩን አጥፍቶ በምትኩ የዘንገናን ሐይቅ ሊያስገባልኝ ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገው። ጨርቁ እልም ብሎ ጠፋ፤ ሐይቁ ከነደኑ ከኋላዬ መጣ። ችግሩ ግን ኮምፒዩተሩ ጥቁር የተባለን ሁሉ ጠራርጎ መውሰዱ ነው። የዓይኔ ብሌኖች ጠፍተው በቀዳዳቸው የዘንገና ውሃ ይታያል። የመነጽሬ ጠርዝም የለም። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ዳር ዳሩን በእጁ እየለየ ሊያስተካክለው ሲቀመጥ፣ «ቆይ ግን ጥቁር ምን አድርጎዎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንዳደረገኝ ለመናገር ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

ያኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ዳንግላ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ስለነበር ዳንግላ ቤት ተከራይቼ አርብ ማታ አድሬ፣ ቅዳሜ ማለዳ በእግሬ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንቄን ይዤ እመለሳለሁ። በጥቅምት መንገዱ ግራና ቀኙ የኑግ አበባ ነው፤ ቀሚሴ ላይ ቢጫው ተራግፎ ክፍል ድረስ ይከተለኛል። በታኅሣሥ ደግሞ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እናቴ ከማሰሮ ያወጣችውን ትኩስ ድንች በጨርቅ ቋጥራ ጀርባዬ ላይ ታስርልኛለች፤ ሙቀቱ ግማሽ መንገድ ድረስ አይለየኝም። ግማሽ መንገድ ላይ እበላዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ብርዱን በሩጫ ነው የምችለው።

ወንድሜ አዳሙ፣ ማለትም የቢንያም አያት፣ ከእኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል። የአባቴ አንድ ወንድ ልጅ ነበር። አባቴ በአካባቢው የታወቁ ፈረሰኛና ገበሬ ናቸው፤ አዳሙን ከእርፉ ጋር ያጣበቁት ገና ቁመቱ ሞፈሩን ሳይደርስ ነው። እሱ ግን አንድ ሰኔ፣ ዳጉሳ ሊዘራ መሬቱ ተገላብጦ ባለበት ሰሞን፣ ወታደር እሆናለሁ ብሎ ተነሳ። «ከሄድክ ሁለተኛ አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ» አሉት። ሄደ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከኦጋዴን በረሃ ለእናቴ ይጽፍ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገውኛ ስለነበር፣ ደብዳቤውን በአማርኛ አነበዋለሁ፣ መልሼ በአገውኛ አስረዳታለሁ። አባቴ ደብዳቤ ሊነበብ ነው ሲባል ተነስተው ይወጣሉ፤ ታዲያ ርቀው አይሄዱም። ከደጃፉ አጠገብ የሚጠገን ልጓም ወይም የሚሳል ማጭድ ምንጊዜም አይጠፋም። አዳሙ ከአጎት እስከ ጎረቤት በስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ የአባቴን ስም ግን አንድም ቀን አልጠራም። እሳቸው ጠብቀው ጠብቀው፣ ደብዳቤው ሲያልቅ ልጓሙን ይሰቅሉና ወደ በሬዎቹ ይሄዳሉ። እኔም መልስ ስጽፍ ስለ እሳቸው አንድ ቃል አላነሳም። ሁለቱም እንደዚያ የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ «መልካችሁ እየጠፋብኝ ነው፤ ፎቶ ተነሱና ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። እናቴ አባቴን አብረው እንዲሄዱ ለመነቻቸው። «የእኔን መልክ ማን ጠየቀ?» ብለው በሬያቸውን ጠመዱ። ስለዚህ እኔና እሷ ብቻ ዳንግላ ሄድን።

ፎቶ አንሺው ጋሽ ሲሳይ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ሦስት እግር ላይ የቆመች ትልቅ ሣጥን የምትመስል ካሜራ አለችው። ከወንበሩ በስተጀርባ ከጣራ እስከ ወለል ጥቁር ጨርቅ ወርዷል። እናቴ ገና ስትገባ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ በአገውኛ።

«ኧረ ማንም አልሞተም፤ የፎቶ ነው።»

«ይሄ ከል ነው እንጂ ምን ሆነና!»

ጋሽ ሲሳይ ምን እንዳለች ጠየቀኝና ነገርኩት። «ነጭ ለለበሰ ሰው ከጥቁር ወዲያ የለም፤ ያለዚያ ከግድግዳው ጋር ትመሳሰላላችሁ» አለ። ቀጥሎም የእናቴን የክት ነጠላ አየና፣ ያ የሚያምር ጥለት ከታች ተደብቆ መቅረቱ ቆጨው። ነጠላዋን ገልብጦ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ አመጣላት።

«እንዲህ አዘቅዝቆ የሚለበሰው ለለቅሶ እኮ ነው» አለች እናቴ፣ አሁን ባላት አማርኛ።

«እማማ፣ ጥለቱ ካልታየማ ምኑን ፎቶ ሆነ?» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ልጇ ተማሪ ናት፤ ዳኝነቱን ለእኔ መስጠቷ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ያስጨነቀኝ የከተማ ሰው ፊት ባላገር መስላ መታየቷ ነው። «ዝም በይ እማዬ፤ እሱ ያውቃል» አልኳት። ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል። ጋሽ ሲሳይ «እንዳትነቃነቁ፣ እንዳትስቁ» ብሎ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ካሜራው ውስጥ ገባ። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን፣ ፊታችንን አኮሳትረን ተነሳን። ፎቶውን «ሁላችንም ደህና ነን» ከምትል አጭር ደብዳቤ ጋር ላክሁት። ስለ አባቴ እንደ ልማዴ ምንም አልጻፍኩም።

መልሱ የመጣው በታኅሣሥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የተወቃው ዳጉሳ ገና አውድማ ላይ እያለ፣ እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። አባቴ ደጃፉ ላይ ልጓም በወስፌ እየሰፉ ነበር። ጀመርኩ።

«ውድ እናቴ ሆይ፣ መርዶው ደርሶኛል። በቃላት መጻፉ ከብዷችሁ በፎቶ እንደነገራችሁኝ ገብቶኛል። ከኋላችሁ የተሰቀለውን ከል፣ አንቺ ነጠላሽን ማዘቅዘቅሽን፣ የእህቴን ፊት፣ የአባቴንም ቦታ ባዶ መሆን አየሁ። የቀረውን ልቤ ነገረኝ።»

«የማን መርዶ?» አለች እናቴ። ሁለታችንም ወደ ደጃፉ ተመለከትን። የአባቴ ወስፌ ቆዳው ላይ እንደተሰካ ቆሟል።

ማንበቤን ቀጠልኩ። ፀጉሩን ተላጭቷል። ጓደኞቹ ሦስት ቀን አብረውት ለቅሶ ተቀምጠዋል። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ «አባቴ መጀመሪያ እርፍ ሲያስጨብጡኝ እጃቸውን በእጄ ላይ ደርበው ነበር። ክብደቱን ሁሉ እሳቸው ይዘው እኔ ያረስኩ ይመስለኝ ነበር። እዚህ በረሃ ሲከፋኝ የሚታወሰኝ ያ እጅ ነው። የሄድኩ ዕለት ደጃፍ ላይ ቆመው እንደነበር አውቃለሁ፤ ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ዞር ብል እግሬ እምቢ ይለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ሳልል ቀሩብኝ። ለፋሲካ የጠየቅሁትን ፈቃድ ትቼዋለሁ፤ እሳቸው የሌሉበትን ቤት የማይበት ዓይን የለኝም። በጥር መጨረሻ ወደ ጠረፍ ከሚሄዱት ጋር ስሜን አስመዝግቤአለሁ፤ ከዚያ መቼ እንደምመለስ አይታወቅም።»

እናቴ ደረቷን መታች። «ልጄ በቁም ሰው ላይ አለቀሰ!»

አባቴ ጎንበስ ብለው ገቡ። ደብዳቤ እየተነበበ ወደ ቤት ሲገቡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ከፊት ለፊቴ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«እንደገና አንብቢው» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው?»

«ከእርፉ።»

አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ሳነብ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት፤ እኔም ላለማየት ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። አባቴን እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

ቆይተው፣ «በሕይወት አለሁ ብለሽ ጻፊለት» አሉ።

«ማን ያምነናል?» አለች እናቴ። እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ሰው ሞት በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰውየው ከተቀበረም በኋላ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሞተውን አጎታችንን ጤነኛ አድርጌ የጻፍኩለት እኔው ነኝ። አዳሙ ኋላ ከአገር ልጅ ሰምቶ በጣም ታዝቦናል። አሁን «አባትህ ደህና ናቸው» ብዬ ብጽፍለት፣ ያችኑ የተለመደችውን ማባበያ ነው የሚያያት።

አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ያ ሰውዬ እኔንም ያንሳኝ» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ዳማ ፈረሳቸውን በክት ኮርቻው ጭነው ተነሱ፤ እኔና እናቴ ከኋላ ተከተልን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። መንገድ ላይ ከሰል የጫኑ አህዮች ይዘው የሚሄዱ ሰዎች «ደህና አደራችሁ» ሲሉን አባቴ ከወትሮው ጠንከር ባለ ድምፅ ይመልሳሉ። መኖራቸውን ለሁሉም ማስመስከር የፈለጉ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሲሳይ የሆነውን ስነግረው ራሱን ያዘ። ወዲያው ጥቁሩን ጨርቅ ገነጣጥሎ አወረደው። ከበስተኋላው ጥላሸት የጠገበ የጭቃ ግድግዳ ወጣ። በዚያ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለና አባቴን ከነነጭ ጋቢያቸው አስቀመጣቸው። ካሜራው ውስጥ አይቶ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። «ከአንገት በታች ጠፉ እኮ! ራሳቸው ብቻ ነው ያለው» አለ። እናቴ በበኩሏ አንሶላውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ከከል ወጥተን ከፈን ውስጥ ገባን» አለች።

«ውጭ እናንሳቸው» አልኩ።

«ካሜራዬ ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም። አቧራው ይገድላታል።»

ያኔ እንባዬ መጣ። «ጋሽ ሲሳይ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ነግራን ነበር። ብንሰማት ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የእኔና የአንተ ነው። ወንድሜ ጠረፍ ከሄደ አናገኘውም» አልኩት። ከዚያ ካሜራዋን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተከላት። አባቴ ልጓሙን ይዘው ከፈረሱ ጎን እንዲቆሙ አደረጋቸው። ለእኔ ያማረ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን «ባዶ ኮርቻ!» ብላ ጮኸች። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱን ሸልመው፣ ኮርቻውን ባዶ አድርገው ለቅሶተኛው መሃል ያዞሩታል። ጋሽ ሲሳይ ወደ እኔ ተመለከተ።

«እሷ ታውቃለች» አልኩት።

አባቴ ኮርቻው ላይ ወጡ። እናቴ ነጠላዋን እንደ ወጉ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ከእርካቡ አጠገብ ቆመች። ሊነሱ ሲሉ አባቴ «ቆይ» አሉና ደብዳቤውን አምጪ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ማንበብ አያውቁም፤ ዘርግተው አገላበጡት።

«ወደ ላይ የሚሆነው የቱ ነው?»

አስተካከልኩላቸው። በደረታቸው ልክ፣ ጽሑፉን ወደ ካሜራው አድርገው ያዙት። ዳማ አልቆም ብሎ ስላስቸገረ እኔ ገብስ በእጄ ይዤ ከፊቱ ቆምኩ፤ ፎቶው ውስጥ ከእኔ የገባው መዳፌ ብቻ ነው። የዳማ ጆሮዎችም ስለተነቃነቁ ጭስ መስለዋል። ከኋላ መንገዱ፣ ዛፎቹ፣ ምን ጉድ ነው ብላ ቆማ የምትስቅ አንዲት ገበያተኛ ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ያማረ ፎቶ በሕይወቴ አላየሁም።

ፎቶው ሲደርስ ጀርባው ላይ ምን ልጻፍ አልኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «አንተ ዞር ባትልም፣ እኔ ወንዙን እስክትሻገር ቆሜ አይቼሃለሁ፣ በይው» አሉ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጥር አለቀ፤ መልስ የለም። ሁዳዴ ገባ፤ መልስ የለም። አባቴ በየቅዳሜው አዲስ ቅዳም ገበያ ይወርዳሉ፤ ጨው አለቀ፣ ሚስማር ጠፋ ይላሉ። ሲመለሱ እናቴ ፊታቸውን አይታ አትጠይቃቸውም። እኔ ትምህርት አልገባ ብሎኝ ከረምኩ። ፎቶው ዘግይቶ ከሆነ፣ ወንድሜ በዚያ በረሃ አባቱን እንደቀበረ ሊኖር ነው እያልኩ ራሴን እወቅስ ነበር።

የፋሲካ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ውሻችን ጮኸ። አንድ የከሳ ወታደር በቀርከሃው አጥር በኩል መጣ። እናቴ እልልታውን ጀምራ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። አዳሙ ያን ፎቶ በእጁ እንደያዘ፣ ለእሷም ለእኔም ሳይደርስ ቀጥ ብሎ ሄዶ አባቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። አባቴ እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ። ለእሳቸው የተላጨው ፀጉር መልሶ በቅሎ ነበር።

«ለለቅሶዬ ስንት ሰው መጣ?» አሉት በመጨረሻ።

አዳሙ ቀና አለ። «ጓዶቼ በሙሉ መጥተዋል።»

«አለቃህስ?»

«ሻምበሉም መጥተዋል። አብረውኝ ተቀምጠው ቆሎ በልተዋል።»

«ሻምበሉ ራሳቸው!» አሉ አባቴ ወደ እናቴ ዞረው። ደስታቸውን ሊደብቁ ቢሞክሩም አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ በማኅበርም በደቦም፣ ሻምበል እንደተቀመጠላቸው ያልሰማ የአካባቢው ሰው የለም።

ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በእውነት ሲሞቱ አዳሙ ከመቃብሩ ዳር ዝም ብሎ ቆመ። ደረቱን አልመታ፣ ሙሾ አላወረደ። ሰው ታዘበው፤ እኔም ከፋኝና ጠየቅሁት። «እታለም፣ እኔ የአባቴን ለቅሶ ያኔ ጨርሼዋለሁ። እሳቸውም ሰምተውልኛል» አለኝ።

አዳሙ ራሱ ያረፈው አምና ክረምት ነው። ለቅሶው ላይ እኔ ብዙ ተናገርኩ። እንዴት ያለ ወንድም እንደነበረ፣ ባሌ ሲሞትብኝ ልጆቼን እንዴት እንዳቀፈልኝ፣ በእሱ መኖር ብቻ እንዴት ተዝናንቼ እንደኖርኩ ተናገርኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው አለቀሰ። እሱ ግን አልሰማኝም። በየቀኑ ስንደዋወል ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበታችን ሕመም ነበር የምናወራው። ያን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ቃል በቁሙ የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁ እኔ ነኝ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለቢንያም ነግሬው ስጨርስ ሥራውን አቁሞ ይሰማኝ ነበር። ወንበሩን ወደ እኔ አዞርኩና ስለ እሱ የማስበውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ትዕግሥቱን እንደምወድለት፣ እግሩ ደጄን ሲረግጥ ቀኑ እንደሚቀለኝ፣ ከዚህ ዓለም ካሉኝ ሰዎች ሁሉ ማንን እንደምጠብቅ ነገርኩት። ጎረምሳው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ በድንጋጤ አየኝና ግንባሬን በእጁ ዳሰሰው።

«እማማ፣ ምነው? አሞዎታል እንዴ?» አለኝ።